ባቄላ ማሳ ላይ የወደቀው ድንጋይ

የበደለኝ አጎቴ ነው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የደብራችን ገበዝ። የበደለኝም በፍልሰታ ነው፤ ሰው ሁሉ ጾሞ ምሕረት በሚለምንበት ሰሞን። ጊዜ መምረጥ ያውቅበት ነበር። ቄስ ስለሆነ «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር። «እሱ» እላለሁ።

ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ልጅ ነበርኩ። እኩዮቼ ቤተ ክርስቲያን ሲውሉ አባቴ ባቄላ እንዳርም አንኮበር ቁልቁለት ላይ ካለው ማሳችን ትቶኝ ሄደ። ጣውላ ከገደል ሲንከባለል የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አንድ ጥቁር ነገር መጥቶ ከማሳው ጠርዝ ካለው ቋጥኝ ጋር ተላተመና ለሁለት ተሰበረ። ላዩ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ድንጋይ ነው፤ ስብራቱ ውስጥ ግን የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ትልቁን ለአባቴ ወሰድኩለት። ትንሹን ደበቅኩት፤ ለምን እንደደበቅኩት አላውቅም፤ ዘመዶቼን ሳላውቃቸው ማወቅ ጀምሬ ይሆናል።

አባቴ ድንጋዩን ለወንድሙ ሰጠ። ወንድሙ በሐር ጨርቅ ጠቀለለውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገረ። እሱ ሲቀድስ መልአክ ድንጋዩን ከእግሩ ሥር አሳርፎለት ኖሯል!

«ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ባቄላ ላይ ነው የወደቀው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። በሕዝቡ ፊት አቆመኝ፣ መስቀሉን አስጨብጦ «ዋሽቻለሁ» አስብሎ አስማለኝ፣ ስግደትም አዘዘልኝ። አባቴ ጎን ቆሞ ጫማውን ሲያይ ነበር። ጫማው ምንም አልነበረበትም። ትንሹን ስባሪ ላሳይ ብል እሱንም በሐር ይጠቀልለው ነበርና እንደደበቅኩት ተውኩት። ምንጭ ስወርድ የሰፈር ሴቶች «ዛሬስ ምን ወረደልሽ?» ይሉኝ ጀመር። አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላም ይሉኝ ነበር።

ድንጋዩ ግን ተሾመ። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲመጣ ጠበል ውስጥ ይነከራል፣ ውሃው ይቀላል፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ይጠጣል። «መልአኩ ስለ ኃጢአታችን ደም ያለቅሳል» ይል ነበር አጎቴ። ትንሹ ስባሪ እኔ ቤት ቆጥ ላይ በጨርቅ ታስሮ ተቀምጦ ምንም አላለቀሰም።

ለውጡ መጣ፣ ጃንሆይ ወረዱ። አጎቴ ገበዝነቱን ሳይለቅ «ጓድ» ማለት ተማረ፤ አፉ ለሁሉም መንግሥት ይበቃ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ መስከረም ከደብረ ብርሃን በኩል መኪና መጣ። አንድ ፈረንጅ፣ አንድ የአዲስ አበባ ባለሙያ፣ አንድ የወረዳ ካድሬ። ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን እየተከታተሉ የሚሰበስቡ ናቸው ተባለ። አንኮበር ድረስ ለድንጋይ መምጣት ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ እንደ መሸመት ነው ብለን ሳቅን። የቀዩን ጠበል ወሬ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ሰምተው ነው ዱካውን ይዘው የወጡት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። አጎቴ ሐሩን ሲፈታ የድንጋዩ ጥግ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ፈረንጁ ፊቱ ቡን አለ።

«ምን አደረጋችሁት?» አለ ባለሙያው።

«በየዓመቱ እናጠምቀዋለን።»

«አባ፣ ብረት አለበት እኮ! ዝገቱን ነው ስትጠጡ የኖራችሁት።»

«ደሙን ነው» አለ አጎቴ።

ባለሙያው ተወው። መውደቂያው ያልታወቀ ድንጋይ ለእነሱ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ነውና የት እንደወደቀ ጠየቀ።

«ስቀድስ፣ ከእግሬ ሥር።»

«ሲቀድሱ ውስጥ ነዎት። ጣሪያውን ቀዶ ገባ?»

ሰው ሳቀ። አጎቴ «ከደጅ ነው እንጂ» አለ፤ ድንጋዩን በአፉ ከቤተ መቅደስ ወደ ደጅ ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ባለሙያው ስብራቱን በጣቱ እየዳሰሰ «ይሄ ግማሽ ነው። ሌላው የት አለ?» አለ።

«መልአኩ መልሶ ወሰደው።»

ካድሬው ጎንበስ አለና «ጓድ ገበዝ፣ መልአኩ የየትኛው ገበሬ ማኅበር አባል ነው?» አለው።

ቤቴ ሄጄ ከቆጡ አወረድኩና አመጣሁት። ባለሙያው ሁለቱን ሲያጋጥማቸው እንደ ላይና ታች መንጋጋ ገጠሙ፤ አንዱ ዝጎ፣ አንዱ እንደወደቀ። ሰው ሁሉ ሊያይ ተጠጋ። አጎቴ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ ዋሽቻለሁ ብለሽ መስቀል ይዘሽ ምለሽ የለም?»

«ምያለሁ፣ አባ። መስቀሉን የያዙልኝ እርስዎ ነበሩ።»

ወደ ማሳው ወሰድኳቸው፤ የተፈነከተውን ቋጥኝ አሳየኋቸው። ፈረንጁ የእኔን ስባሪ ፈለገ፤ የአጎቴን ማንም የሚፈልገው አልነበረም። ካድሬው የሕዝብ ሀብት ነው፣ ስጪ አለ። ስባሪውን ጨብጬ ቆምኩ። እሱ ከእጄ ከወጣ ቃሌን የሚያስረዳልኝ ነገር የለኝም። ካልሰጠሁ ደግሞ እንደማይተዉልኝ አውቃለሁ።

«እሰጣለሁ። ግን የት እንደወደቀና ማን እንዳየው እዚያ ዛፍ ሥር፣ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ» አልኩ።

ባለሙያው ደግ ሰው ነበር። ተመልሶ ዛፉ ሥር ቆመና «ድንጋዩ የወደቀው በእህታችን አባት ባቄላ ማሳ ነው። ያየችው እሷ ናት» አለ። ሁሉም ሰማ። ስባሪውን ሰጠሁት፤ መኪናው ሄደ።

የሚቀጥለው ፍልሰታ ጠበሉ ላይ ሰልፉ እጥፍ ሆነ። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የመጣለት ድንጋይ ነው ተባለ። የት እንደወደቀ የጠየቀ የለም። እኔንም ምንጭ ዳር «ዛሬስ ምን ወረደልሽ?» ማለት ቀረ፤ በምትኩ «ፈረንጁ ምን ሰጠሽ?» ሆነ።

አጎቴ አልጋ ላይ ሲውል ሽማግሌ ላከብኝ። ይቅር በይኝ ሊል መስሎኝ በር ከፍቼ አስገባኋቸው። «ይቅር ብዬሻለሁ ብሏል» አሉኝ።

የሞተው በነሐሴ ነው። ለቅሶው አልደረስኩም፣ ተዝካሩንም አልበላሁም። የተቀበረ ቀን ባቄላ ሳርም ዋልኩ።