የአባቴ ፊት በማይክሮፊልም

የበደለኝ ጌታቸው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ስሙን ሳላነሣ ለመኖር አስቤ ነበር፤ ባለፈው እሑድ ግን ራሱ አስነሣው። የካዛንቺስ ቤቶቻችን ፈርሰው የተበተንን የድሮ ጎረቤታሞች ቡልጋሪያ አካባቢ አንድ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ምሳ ከተበላ በኋላ ተነሥቶ ስለ እናቴ ደግነት አወራና «የባሏን ፎቶግራፍ ፈልጌ ያገኘሁላት እኔ ነኝ» አለ። ተጨበጨበለት።

አባቴ የግንበኞች ካቦ ነበር። የሞተው እኔ ገና ሳልድህ ነው። ስታዲየም አጠገብ የሠራው ሕንፃ ሲመረቅ ከሹማምንቱ ጎን ቆሞ የተነሣው ፎቶ በእንግሊዝኛ በሚታተም ጋዜጣ ወጥቶ ነበር። በደርግ ጊዜ አሰሳ መጣ ሲባል እናቴ ከሹማምንት ጋር የቆመበትን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። በፍርሃት ስትጣደፍ ሌላውም አብሮ ነደደ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የአባቴ መልክ አልነበረም።

ኋላ ዓይኗ ታመመ። ሐኪሙ አንደኛው እንደጠፋ፣ ሁለተኛውም ብዙ እንደማይቆይ ነገራት። እኔን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይጨልምባት ፊቱን እንዳሳያት።

ጌታቸው ከአጥራችን ቀጥሎ የሚኖር፣ በአንድ ዓመት የሚቀድመኝ ተማሪ ነበር። በትርፍ ሰዓቱ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ማይክሮፊልም ክፍል፣ የድሮ ጋዜጦች በፊልም ተቀርጸው በሚቀመጡበት፣ ይሠራል። ፊልሙ የሚነበብበትን ማሽን መንካት የሚፈቀደው ለመመረቂያ ጽሑፍ ለደረሱ ብቻ ስለነበር ፍለጋውን ለእሱ ሰጠነው። እናቴ ቀኑን አልረሳችም፤ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ እኔን ባረገዘችበት ዓመት።

ፊልሞቹ የተነሡት ውጭ አገር ስለነበር ሳጥኖቹ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ዓመት ነው። ጌታቸው እንደማንኛውም ሰው በእኛ ዓመት ላይ ስምንት ደመረ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግን የሚደመረው ሰባት ነው። እንዲህ ሆኖ የሌላ ዓመት ኅዳር አገላብጦ መጣ።

«የለም፣ እትዬ ዘነበች» አላት በራችን ላይ ቆሞ። «ማለቴ... ሰው ጊዜ ሲረዝምበት ያለመውንም ያየው ይመስለዋል።»

«እኔ ጋዜጣ አልሜ አላውቅም፣ ጌቾ» አለች።

ሳቅን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ ፎቶው ማውራት ተወች። ራሷን መጠራጠር እንደጀመረች አውቃለሁ።

ያን ክረምት ከስድስት ኪሎ በዝናብ በእግሬ ስመለስ መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ እገዛላት ነበር። መጀመሪያ ያረረውን ፍሬ በዓይኗ እየለየች ትበላ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ በጣቷ መዳበስ ጀመረች።

አራተኛ ዓመት ስገባ መምህራችን የማሽኑን አሠራር ሲያስረዳን የሰባትና የስምንትን ነገር ነገረን። በማግሥቱ ሳጥኑን ራሴ አወጣሁ። አምፖሉ ሲግል የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፤ መዘውሩን ሳዞረው ገጾቹ ወደ ጎን ይሮጣሉ። ፊልሙ ኔጋቲቭ ስለሆነ ጥቁሩ ሁሉ ነጭ፣ ብርሃን ያረፈበት ሁሉ ጥቁር ነው። አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ፀሐይ ያረፈበት ፊቱ ከሰል፣ ጸጉሩ ነጭ፣ ኖሮ ያረጀ ሰው መስሎ። ስሙ ከሥሩ ተጽፏል።

ወረቀት ላይ አሳትሜ ለእናቴ እጇ ላይ አኖርኩት። በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ልሙጥ ነው» አለች። ከዚያ «ይስቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አይስቅም ነበር። ይስቃል አልኳት።

ጌታቸው ተመርቆም እዚያው ይሠራ ስለነበር ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ወረቀቱን ሳሳየው አልደነገጠም። ያኔ ገባኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«ሐምሌ ላይ ነው የገባኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ለአንቺ ሽማግሌ ልልክ እያሰብኩ፣ እትዬ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ ማለት ከበደኝ። በቃ፣ አፈርኩ።»

«ሐምሌ ላይ እናቴ ታይ ነበር» አልኩት።

ስምንት መደመሩን አልቆጥርበትም፤ እኔም ብሆን ስምንት እደምር ነበር። የምቆጥርበት ዝምታውን ነው። አንድ ወጣት ላለማፈር ሲል ዝም ያለበት ጊዜ ለእናቴ የቀራት ብርሃን ሁሉ ነበር።

ሽማግሌዎቹን በጥር ላካቸው። አስቀመጥኳቸው፣ ጠላ ቀዳሁላቸው፣ ልጅቷ አትፈልግም አልኳቸው። እናቴ ከመሞቷ በፊት «ይቅር በይው፣ ልጅ ነበር» ብላኛለች። እኔም ልጅ ነበርኩ።

እሑድ ዕለት ከአዳራሹ ስንወጣ እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም። ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ።