ነብሩ ያልገደለው ወንድሜ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት ጤና ረዳት ውሃ የሞላው ብርጭቆ ይዞ መጣ። ውስጡ አተር የምታህል ቀንድ አውጣ አለች።

«ከነብር ይልቅ ይችን ፍሩ» አለን።

ሰዉ ሳቀ። ከእሷ የሚወጣው፣ በዓይን የማይታየው ትል በቆዳ ይገባል፤ ዓመታት ቆይቶ ጉበት ያሳብጣል፤ ደም ያስተፋል፤ አለ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም። ተነሥቼ ወጣሁ።

ታላቅ ወንድሜ ልየው እንዲያ ሆኖ ነው የሞተው።

ጣሊያን ቡሬ ሰፍሮ ነበር። ወታደሮቹ ማንኩሳ ድረስ መጥተው ጎረምሳ ለመያዝ ሲያስሱ፣ ልየው፣ ጓደኛው ደመላሽና እኔ ከመንደሩ በታች ያለው ኩሬ ውስጥ እንገባለን። ደንገሉ መሀል እስከ አንገታችን እንቆማለን። ቆሏችንን በጨርቅ ቋጥረን አናታችን ላይ እናስራለን። ክረምቱም በጋውም እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ቀንድ አውጣ ልየው አንገት ላይ ወጣች። ላነሣት ስል፣

«ተዋት፤ እሷም ጣሊያን ፈርታ ነው» አለኝ።

እኛ የምንፈራው ነብሩን ነበር። ፍየሎቻችንን ፈጅቷል። አንድ ረፋድ ከውሃው እንደ ወጣን ከቁጥቋጦው ዘሎ መጣብን። ደመላሽ ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ገባ። ልየው ግን በጦር ወጋው። የነብሩ ጥፍር ጠባሳ ትከሻው ላይ ቀረ እንጂ ልየው ዳነ።

«ደመላሽ፣ ውጣ እንጂ! ዓሣ ሆንህ እንዴ?» አለ ልየው እየሳቀ።

«ሳቅ አንተ! ለእኔም ቀን ይወጣልኛል» አለ ደመላሽ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ልየው ገርጥቶ፣ ከስቶ ሰነበተ። ልብ አላልነውም። በገብርኤል ዕለት ደመላሽ ቤት ጠላ ጠጥቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ደም አስመለሰው። አላደረም።

ደመላሽ ለቀብሩ አካፋ ይዞ መጣ።

«አንተ መርዘኛ! ከወንድሜ አፈር ላይ እጅህን አንሣ!» አልሁት፣ በሰው ሁሉ ፊት።

«ምን አልህ?»

«ቀን ይወጣልኛል አላልህም?»

አካፋውን ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ የሚጠጣ ጠፋ። ልጁንም የሚያገባ አልተገኘ። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰላም አላልሁትም። ሲገለል ሳይ ደስ ይለኝ ነበር... አዎ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ነብሩ ገድሎት ቢሆን ጥፍሩን አይቼ ነብርን እጠላ ነበር። ያቺ የተረገመች ቀንድ አውጣ ግን ምልክት አልተወችም። ስለዚህ ሰው ጠላሁ።

ትናንት ማንኩሳ ሄድሁ። ደመላሽ ሸብቷል፤ ደጁ ላይ ቆሞ እንድገባ አላለኝም። ስለ ቀንድ አውጣዋ እየተንተባተብሁ ነገርሁት። ከዚያም፣

«ጋሼ ደመላሽ፣ ጠላ አለዎት?» አልሁ።

«ለማን ብለን እንጠምቃለን?» አለና በሩን ዘጋብኝ።

አሁን ጌሾና ብቅል ቋጥሬ ተቀምጫለሁ። ነገ እወስድለታለሁ። ባይከፍትልኝም ደጁ ላይ አስቀምጬለት እመጣለሁ።