ከፎቶው ጀርባ ያለው ጽሑፍ

ፍኖተ ሰላም ካለችው ጠባብ ቢሮዬ የጸጥታ ሰዎች ሲወስዱኝ የድረ ገጽ ቴምፕሌት፣ ዝግጁ ንድፍ ማለት ነው፣ እየሠራሁ ነበር። ባስገቡኝ የእስር ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች እግር። አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። ከገበዝ ማርያም በኩል የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል።

ጥፋቴ አዲሱን የድረ ገጽ አሠራር ደንብ መከተሌ ነው። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ፎቶ ምን እንደሚያሳይ በቃላት ይጻፍለታል። ጽሑፉ ለዓይን አይታይም፤ ለዓይነ ስውር ግን ስልኩ ያነብለታል። የድሮ ቴምፕሌቶቼን ሁሉ በዚህ ደንብ አድሼ ገና መጨረሴ ነበር። መርማሪው የገጹን ኮድ ሲያስከፍተኝ «የገበያ ቀን፤ ጋሪዎች መንገድ ዳር ቆመው» የሚል የተደበቀ መልእክት አገኘ። እውነት ለመናገር፣ ለማያውቀው ሰው ያስጠረጥራል።

«ለማን ነው?»

«ለዓይነ ስውራን።»

«ዕውር በፎቶ ምን ያደርጋል? እሺ፣ የአንዱን ስም ጥራ።»

ስም ነበረኝ። ሥራዬን በስልኩ እያዳመጠ የሚያርምልኝ ዓይነ ስውር አስተማሪ ቡሬ አለ። ብጠራው በማግስቱ አጠገቤ ይቀመጣል። አልጠራሁትም፤ በጥፊ መለሰልኝ። ስመለስ ጠባቂዎቹ ዓይኔን በጨርቅ አስረው ኮሪደሩ ላይ ለቀቁኝ። ከግድግዳ ጋር ስጋጭ ሳቁ። ከጥፊው ይልቅ እስካሁን የሚያመኝ ሳቁ ነው።

የኔታ ግንባሬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። በማግስቱ ጠዋት እርሳቸውም በዚያው መንገድ፣ ዓይናቸው ታስሮ፣ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወሰዱ ተነግሯቸው ነበር።

«እኔስ የፈራሁት ሞቱን አይዶለም ልጄ» አሉኝ። «በሽምግልናዬ ለነዚህ ልጆች መሳቂያ መሆኑን ነው እንጂ።»

ሲያመጡኝም፣ ወደ ምርመራው ስሄድም ዓይኔ ክፍት ስለነበር መንገዱን አይቼዋለሁ።

«የኔታ፣ ከዚህ ሲወጡ በቀኝ እጅዎ ግድግዳ ያገኛሉ፤ አይልቀቁት። ሲያልቅ ነፋስ ይሰማዎታል፤ በሩ እሱ ነው። ደፉ ከፍ ይላል፣ እግርዎን ያንሱ። ከዚያ ጠጠር ነው። መኪናው እዚያ ይቆማል።»

«እስቲ ልቀጽለው» አሉና አንድ ቃል ሳያዛንፉ ደገሙት። ስንት ዘመን ሲያስቀጽሉ የኖሩ ሰው ለእኔ ተማሪ ሆኑ።

ጠዋት ሲወስዷቸው በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ግድግዳውን በጣታቸው ጫፍ ብቻ እየነኩ፣ ቀጥ ብለው ሄዱ። ደፉ ጋ ጠባቂዎቹ መሰናከላቸውን ቆመው ይጠብቁ ነበር። እግራቸውን አንስተው አለፉት። ማንም አልሳቀም። ወዲያው የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ አየኋቸው የሚል ሰው አላገኘሁም። ከተፈታሁ በኋላ ገበዝ ማርያም ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። እኔ ዛሬም ቴምፕሌት እሠራለሁ። ደንበኞቼ «ማንም ለማያየው ጽሑፍ ምን አደከመህ?» ይሉኛል። ሥራው ነው እላለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ፎቶው ፊት ቁጭ ብዬ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። የኔታ ቃሌን አምነው ሄዱ። እኔ የነገርኳቸው እስከ መኪናው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁትም።