የዛፉ ጀርባ

ኖርማን ጣፋጭ ውሃ የሚሰጡትን የሜፕል ዛፎቹን የሚበሳው ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ነበር። ፀሐይ ቀድማ የምታሞቀው ያንን ጎን ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይወርዳል፤ በሚኖሩበት በቦስ ገጠር ደግሞ ያንን ውሃ ቀድሞ አፍልቶ ሽሮፕ ያደረገ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ባለፈው መጋቢት ባልዲ እንደተሸከመ ወድቆ ሞተ።

ዘንድሮ ሚስቱ ኦዲል መሰርሰሪያዋን ይዛ፣ በረዶው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት፣ በሰሜን በኩል ዞረች። የደቡቡ ጎን ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል፤ ከጠባሳ አጠገብ ከተበሳ እንጨት ደግሞ ውሃ ጠብ አይልም።

የባሏ ወንድም ኤቫሪስት ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሳቀባት።

«ምነው ኦዲል፣ ዛፉን ከጀርባው ልትወጊው ነው? ወንድሜ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።»

«አውቃለሁ፤ አብሬው ነበርኩ» አለችና መብሳቷን ቀጠለች።

የኤቫሪስት ባልዲዎች ሲሞሉ የእሷ ባዶአቸውን ተንጠልጥለው ቆዩ። በመጣ ቁጥር «ይልቅ ወደ ፀሐዩ ተመለሺ፣ መሳቂያ አትሁኚ» ይላታል። እሷ ግን ምድጃዋን ጠረገች፣ እንጨቷን ደረደረች፣ ጠበቀች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ብርዱ ሲላላ ጥላ ያለበት ጎንም ውሃውን ለቀቀ። ኤቫሪስት መጥቶ ባልዲዎቿን አንድ በአንድ አየ፤ ሞልተው ይፈሳሉ።

«ለመሆኑ ደቡቡ ምን በድሎሽ ነው የተውሽው?»

«ደክሞት ነው» አለች ኦዲል፣ ባልዲውን ከዛፉ እያወረደች። «ወንድምህም ደክሞት ነበር። አንተም እኔም አልጠየቅነውም።»