የወንዴ ድርሻ

ይህን ነገር ሙሉውን የሰማ ሰው የለም። ለነፍስ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። «አባ፣ በሁዳዴ ሥጋ በልቻለሁ» አልኳቸው፤ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። የማን ሥጋ እንደነበር አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የቀረውን ግማሽ ዛሬ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች እናዘዛለሁ።

አጥቂ ነበርኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ለስምንት ክለብ ተጫውቻለሁ። የአንድ ዓመት ውል፣ ሻንጣ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ካምፕ። ስሜን ብነግራችሁ አታስታውሱኝም። ቢሆንም እንጀራዬ ኳስ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጎጆ የቀለስኩት፣ ልጆች ያሳደግሁት በእሱ ነው። ያ ሁሉ የተጀመረው ወንዴን አሳልፌ በሰጠሁ ማግስት ነው።

ወንድወሰን የአንኮበር ልጅ ነው። የመጀመሪያ ክለባችን አንድ ነበር፤ ካምፑ ውስጥ የምንተኛውም አንድ ክፍል። እሱም አጥቂ፣ እኔም አጥቂ፤ ቦታው ግን ለአንድ ሰው ብቻ። እሱ ይሰለፋል፤ እኔ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ አሰልጣኛችን ማንም እንዳይጾም አዘዘ፤ የጾመ ካምፑን ይለቃል አለ። ሌሎቻችን እያጉረመረምን በላን። ወንዴ ግን ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ጾም ገድፎ አያውቅም። ገበታ ላይ ከጎኔ ይቀመጥና አሰልጣኙ ፊቱን ሲያዞር ሥጋውንም እንቁላሉንም ወደ እኔ ሳህን ያሻግራል። «በናትህ ሸፍነኝ» ይለኛል። እኔም የራሴንም የእሱንም እበላለሁ። እሱ በዳቦና በሻይ ግብ ያገባል፤ እኔ የሁለት ሰው ሥጋ በልቼ ወንበር አሞቃለሁ። አንገበገበኝ። የጓደኛዬ ጽናት እኔን ለምን ያናድደኛል? ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በአምስተኛው ሳምንት ወንዴ ያለቀለት ኳስ ሳተና ተሸነፍን። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወንዴ ከኋላ እንቅልፍ ወስዶታል። አሰልጣኙ «ይሄ ልጅ ዛሬ እግሩን ምን ነካው?» አለ። እኔን አልጠየቀኝም። ማንም አላስገደደኝም። ጎንበስ ብዬ «ኮች፣ እየጾመ እኮ ነው» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። እኔው ነኝ።

በማግስቱ ምሳ ላይ አሰልጣኙ ሥጋ አስቀረበና በሁላችን ፊት «ብላ» አለው። ወንዴ አልበላም።

«እስከ ዛሬ ድርሻህን ማን ሲበላልህ ነበር?»

«ማንም። በላስቲክ እያወጣሁ እጥለው ነበር።»

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም፤ እንዳያስነቃብኝ ብሎ። ያን ቀን ከሰዓት ካምፑን ለቀቀ። ሻንጣውን እስከ በር የተሸከምኩለት እኔ ነኝ።

አሰልጣኞች ይደዋወላሉ። «ትእዛዝ አይቀበልም» የሚለው ወሬ በሄደበት ሁሉ ቀድሞት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የወሰደው ክለብ የለም። እኔ በሚቀጥለው ጨዋታ በእሱ ቦታ ገብቼ ሁለት አገባሁ። አልደብቃችሁም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወንዴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ዘንድሮ በፋሲካ ጠዋት ቤቱ ጠራኝ። ሚስቱ ዶሮውን ስታቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘረጋና ልጆቹን «ይሄ ሰውዬ እኔ ጾሜን እንዳልገድፍ የእኔን ኃጢአት ጭምር የበላልኝ ነው» አላቸው። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ግን ለጉርሻው ነበር። እሱ ሁለተኛውን ሲጠቀልል እኔ ገና የመጀመሪያውን እያላመጥኩ ነበር።

ልጅ ነበርኩ አልላችሁም፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ተርቤ ነበርም አልልም፤ ከካምፑ ሁሉ የጠገብኩት እኔ ነበርኩ። እናንተንም ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግርም። ይቅር ማለት የሚችለው ወንዴ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬም ያመሰግነኛል።