የሀምዲያ ድንጋጤ

በርበሬ በረንዳ ውስጥ ሀምዲያን የማያውቅ ነጋዴ የለም። አንድ ጊዜ የሱቆቹ መደዳ በእሳት ሲያያዝ፣ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲሮጥ፣ እሷ ጎረቤቷን እትዬ በለጥሻቸውን ልታወጣ ወደ ጭሱ የገባች ሴት ናት። አጭበርባሪ ደላላ እንኳ እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ይቺ ሴት ናት እንግዲህ ፍርሃት የያዛት።

የጀመራት ጎንበስ ብላ ከጆንያ ዛላ በርበሬ ስታወጣ ነው። ልቧ በድንገት ደረቷን ይደልቅ ጀመር፤ ራሷ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ላብ አጠመቃት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ከሁሉ የከፋው ግን ፍርሃቱ ነበር፤ አሁኑኑ የምትሞት መሰላት። ጥቂት ቆይቶ እንደ አመጣጡ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እየተመላለሰ ይይዛት ጀመር። ባሏ ጁነዲን ቁርአን አስቀራላት፤ ሰፈርተኛው ዓይን በላት አለ፤ አንድ ክሊኒክም ጭንቀት ነው ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጣት። እሷን ያንገበገባት ግን ሕመሙ ሳይሆን መፍራቷ ነው። ደንበኛ ፊት ሲይዛት አፈረችና ሱቅ መምጣቱን ተወችው።

እትዬ በለጥሻቸው ግን አልተዋትም። ቤቷ ድረስ ሄደው፣ ተቆጥተው አስነስተው፣ ከአብነት ሰፈር ታክሲ አሳፍረው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዷት። ዕድል ሆነና ወረፋ ሲጠብቁ ጫማዋን ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ያው ነገር ተነሣባት። በዚያ ስታልፍ የነበረች ሰገነት የምትባል ወጣት ዶክተር ሮጣ መጥታ የደም ግፊቷን ለካች፤ ጣራ ነክቷል። ሲያልፍላት ደግማ ለካች፤ ወርዷል። ጭንቀት ብቻ አለመሆኑን ያኔ ጠረጠረች። ደምና ሽንቷ ተመረመረ፤ ሆዷም በሲቲ ስካን ታየ፤ ከግራ ኩላሊቷ በላይ ባለችው ትንሽ ዕጢ ላይ ሎሚ የምታህል እብጠት ተገኘች።

ዶክተሯ አጠገባቸው ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ያቺ ዕጢ ስንደነግጥ ልብን የሚያስሮጡትን እነ አድሬናሊን የተባሉ ሆርሞኖችን ትሠራለች። ሥራውን የሚያስጀምር አንድ ኢንዛይም አለ። የተሠራው ሆርሞን ሲበዛ ተመልሶ እዚያው ኢንዛይም ላይ ይጣበቅና ያዘገየዋል፤ ጤነኛ ዕጢ ከልክ የማያልፈው ለዚህ ነው። እብጠቷ ውስጥ ግን ይህ መቆጣጠሪያ በአግባቡ አይሠራም። ሆርሞኑ ያለልክ ይመረታል፤ ሀምዲያ ስታጎነብስ ደግሞ እብጠቷ ትጨመቅና ወደ ደም ትለቀዋለች።

ሀምዲያ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። የጠየቀችው ስለ ሕክምናው አልነበረም።

«ዶክተር፣ እኔ ፈሪ አይደለሁም ማለት ነው?»

«አይደሉም። ፍርሃቱን የምታመጣው እብጠቷ ናት። በቀዶ ጥገና እናወጣታለን።»

እትዬ በለጥሻቸው እንባቸው መጣ። ሀምዲያ ግን ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ግፊቷ እስኪረጋ መድኃኒት ስትወስድ ከረመችና ቀዶ ጥገናው ተደረገ። በር ላይ ጁነዲን በዱአው፣ እትዬ በለጥሻቸው በእመቤታችን እየለመኑ ጎን ለጎን ቆመው ዋሉ። እብጠቷ ሙሉ በሙሉ ወጣች።

ሱቅ በተመለሰችበት ቀን መደዳው ሁሉ ሊጠይቃት እየመጣ ሳለ፣ ሽንኩርት የጫነ የእጅ ጋሪ ከገፊው እጅ አምልጦ እየተንደረደረ መጣና አጠገቧ ካለው ምሰሶ ጋር ተላተመ። ሽንኩርቱ ተበተነ። ሀምዲያ ክው አለች፤ ልቧ ዘለለ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ልቧ ፈጥኖ መታ፤ ከዚያ ዝግ አለ፤ ከዚያ ረጋ። በራሱ ረጋ።

ጋሪ ገፊው ይቅርታ ሊለምን ሲጠጋ እየሳቀች አገኛት።

«ምንም አልሆንኩም» አለችው። «ደነገጥኩ እንጂ። እንደ ሰው ደነገጥኩ።»

እሱ ምንም አልገባውም። እትዬ በለጥሻቸው ግን ገባቸውና ከሱቃቸው በር ላይ እልልታቸውን አቀለጡት። የሰማው ሁሉ ምን ተገኘ እያለ ብቅ ብቅ አለ፤ ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ ያጨበጨበም ነበር። አብሯት የመጣው ጁነዲን ደስታው የሚያደርገውን አሳጥቶት ለመደዳው ሁሉ ለስላሳ አዘዘ።