«ይበል» ያሉት የቅኔ መምህር

የአማርኛ መምህርቷ ሰብለ ወንጌል አንድ ባለሥልጣን በስብሰባ ላይ ያደረገውን ንግግር በስልኳ ለአባቷ እያስደመጠች በቤታቸው ውስጥ ትንጎራደዳለች። ባሕር ዳር ውስጥ ያልሰማው የለም፤ የጣና ዳር ሰፈራቸው ነዋሪዎች ቤታቸው እንዲፈርስ በደስታ ተስማሙ የተባለው በዚህ ንግግር ነው። ለማስረጃ የቀረበው ደግሞ ከፊት ረድፍ የተሰማው የአባቷ፣ የቅኔው መምህር የወልደ ሐዋርያት «ይበል!» ነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ የነዋሪዎቹ አቤቱታ ይሰማል፤ እርሳቸው ግን አልሄድም ብለዋል።

«ሰውዬው መጀመሪያ ለአገር የሞቱትን አነሣ፤ በሙታን ፊት ማን ይከራከራል? ከዚያ ‹እኛስ ምን እንሰጣለን?› ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ማንም አፉን ሳይከፍት ራሱ መለሰ። ‹እንሠዋ› ሲል ደግሞ የእርሱ ግድግዳ አይነካም። ይህ አልታየዎትም፣ አባባ?»

«ታይቶኛል። የቃላቱ አወራረድ ቢያምረኝ እንደ ቅኔ ጉባኤ ልማዴ ይበል አልሁ። ያሞገስሁት ውበቱን ነው እንጂ ሐሳቡን አይደለም።»

«ለውበቱ ቤታችንን ሸለሙታ፣ የኔታ!»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ተማሪ ሲስት በጉባኤ ፊት አርመዋለሁ፤ በራሴ ሲደርስ ግን አፈርሁ» አሉ። «ስልኩን ያዢውና እንሂድ። ድምፄ ከተሰማበት ላይ ስታቆሚው፣ እኔ ቆሜ ስቻለሁ እላለሁ።»